ጠያቂዎቹን ማን ያስታውሳቸው?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የታናሽ ወንድሜ ክፍል መብራት አልጠፋም። እማዬ ብትነቃ ኖሮ "ዓይንህን ልታጠፋው ነው!" ብላ ሰፈሩን በሙሉ ታስነሳው ነበር፤ ደግነቱ የነቃሁት እኔ ነኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ላፕቶፑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ሮንግ አንሰር። ሮንግ አንሰር። ሮንግ አንሰር… ቆጠርኩት፤ አስራ አንድ ነው።

ወንድሜ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ነው። የፕሮግራሚንግ ውድድር የሚባል ነገር ከያዘው ወዲህ ከእንቅልፍ ጋር ተጣልተዋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ጥያቄ ይሰጣችኋል፣ የሚፈታውን ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ዳኛው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ማሽኑ እናንተ የማታዩአቸውን ፈተናዎች አንድ በአንድ ይሰጠዋል። ከሃምሳው አንዱን ከሳታችሁ ሁሉም ወደቀ። የት ላይ እንደሳታችሁ ግን ትንፍሽ አይልም። (አንዳንድ ቢሮ ጉዳይ ልታስፈጽሙ ሄዳችሁ "አልተሟላም" ተብላችሁ ስትመለሱ የሚሰማችሁን ስሜት ታውቁት የለ? እሱ ነው።)

"ታዲያ ለምን ሰው አትጠይቅም?" አልኩት።

"ጻፍኩና አጠፋሁት።"

"ስንቴ?"

"አራት ጊዜ።"

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዚህ በፊት አንዴ ጠይቆ አንዱ ጎበዝ ነኝ ባይ "መጀመሪያ ሄደህ አንብብ" ብሎት ነበር። አሁን ደግሞ ውድድራቸው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ቡድኑ ሦስት ልጆች ነው፤ የግራፍ ጥያቄ የእሱ ድርሻ ነው። "ነገ ሌላ ሰው ፈልጉ እላቸዋለሁ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ይሄ ልጅ በስድስት ዓመቱ የኳስ ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ ያደረጉት ጊዜ ያለቀሰው ልጅ ነው። እንዲህ ሲል ዝም ብዬ ልተኛ?

እኔ እንግዲህ ኮድ አላውቅም። የተመረቅኩት በጋዜጠኝነት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። ስለዚህ ጠየቅኩ።

"ምንድነው እምቢ ያለህ?"

"ዳይክስትራ።"

"ዳይክስትራ ማነው?"

"አልጎሪዝም ነዋ!"

"አይ፣ ሰውየውን ማለቴ ነው።"

ዝም አለ። "…ሰው ነው እንዴ?"

በቃ፣ የእኔም እንቅልፍ እዚያ ላይ ጠፋ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ የነበረውን ነው የማጫውታችሁ።

እስቲ መጀመሪያ ግራፍ በሚሉት ነገር እንግባባ። ሒሳብ ክፍል የምናውቀው ኤክስና ዋይ አይደለም። የአዲስ አበባን ታክሲ አስቡ። መገናኛ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ ነጥቦች ናቸው። ታክሲ የሚሄድባቸው መንገዶች ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። በየመስመሩ ላይ ዋጋ አለ፤ ብር ሊሆን ይችላል፣ ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ግራፍ ማለት ይኸው ነው። "ከመገናኛ ሜክሲኮ በትንሽ ብር በየት በየት ልሂድ?" ብላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንግዲያው የግራፍ አልጎሪዝም ጥያቄ ጠይቃችኋል ማለት ነው። የመለሰላችሁ ደግሞ ወያላው ነው።

አሁን ወደ 1736 እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ አንብቡልኝ።) ኮኒግስበርግ የምትባል የፕሩሲያ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ የሩሲያ ናት። ፕሬገል የሚባለው ወንዝ ከተማዋን አራት ቦታ ቆራርጧታል፤ ሰባት ድልድዮች ደግሞ መልሰው ያገናኟታል። እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ሰባቱንም መጨረስ ይቻላል ወይ? የሰው ጨዋታ ነበር። ዛሬ የግራፍ ሒሳብ መጽሐፍ ሁሉ በዚህች ጨዋታ ይጀምራል፤ መልሱንም የሰጠው ሊዮናርድ ኦይለር እንደሆነ ይነግራችኋል። ጠያቂውስ?

በዳንዚግ ከተማ ከንቲባነቱ የሚታወቅ ካርል ኤለር የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው ማርች 9 ቀን 1736 ሴንት ፒተርስበርግ ለነበረው ለኦይለር ደብዳቤ ጻፈ፤ የድልድዮቹን መፍትሔ ከነማስረጃው ብትልክልን ለእኔም ለወዳጃችን ለኩንም ትልቅ ውለታ ነው አለው። ኩን በዳንዚግ የሒሳብ መምህር ነበር። ኦይለር አፕሪል 3 መልስ ሲጽፍ ምን ቢል ጥሩ ነው? ነገሩ ከሒሳብ ጋር እምብዛም እንደማይገናኝ፣ ማንም ሰው በማሰብ ብቻ ሊደርስበት እንደሚችል፣ ለምን ከሒሳብ ሰው እንደሚጠበቅ እንደማይገባው ነገረው። አያችሁልኝ? ያኔም "ሄደህ አንብብ" የሚል ነበረ!

ልዩነቱ ግን ኦይለር እንዲህ ካለ በኋላ ዘርዝሮ መለሰለት። ጉዳዩንም ቢሆን በ1735 ለአካዳሚው አቅርቦት ነበር፤ ጽሑፉ ታትሞ የወጣው ደግሞ በ1741 ነው። መልሱ ሲያዩት ቀላል ነው። ወደ አንድ መሬት በአንድ ድልድይ ከገባችሁ በሌላ መውጣት አለባችሁ። ስለዚህ ከምትነሱበትና ከምትጨርሱበት በቀር የእያንዳንዱ መሬት ድልድዮች ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ኮኒግስበርግ ላይ አንዱ መሬት አምስት፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት ድልድይ አላቸው። አራቱም ጎዶሎ። አይቻልም፣ አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ድልድዮቹ ጥንድ ጥንድ በሆኑበት ከተማ ሁሉ እንዲህ መዞር በእርግጥ እንደሚቻል ለማረጋገጥ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደ። ካርል ሂርሆልዘር የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ማስረጃውን አግኝቶ ለባልደረቦቹ በቃል ነገራቸው፤ ሳይጽፈው በ1871 ሞተ። ባልደረቦቹ ዊነርና ሉሮት ከትዝታቸው እያወጡ ጽፈው በ1873 በእሱ ስም አሳተሙለት። ወንድሜ ይሄን "የሂርሆልዘር አልጎሪዝም" በኮምፒውተሩ ላይ በቃሉ ይጽፈዋል። የሞተ ሰው በጓደኞቹ ትዝታ የተረፈ ሐሳብ መሆኑን ስነግረው ጣቱን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

የድልድዩ ጥያቄ በ1960 ቻይና ውስጥ ሌላ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። ጓን ሜይጉ የተባለ የሒሳብ ሰው ስለ ፖስታ አዳይ ጠየቀ። ፖስታ አዳዩ በሰፈሩ ያለውን መንገድ ሁሉ አዳርሶ ወደ ፖስታ ቤት መመለስ አለበት፤ የትኛውን መንገድ ቢደግም ነው ጉዞው የሚያጥርለት? ኦይለር "አይቻልም" ያለበት ቦታ ላይ ፖስታ አዳዩ "ባይቻልም ማድረሴ አይቀርምና ምን ላድርግ?" እንደማለት ነው። እኔን ከሁሉም የገባኝ ይሄ ነው፤ ኑሮ የሚጠይቀው እንዲህ ነዋ።

አሁን ደግሞ ወደ መብራት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው ሞራቪያ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋ ነበር። ዪንድርዢክ ሳክስል የሚባል የምዕራብ ሞራቪያ ኤሌክትሪክ ድርጅት ሠራተኛ ብርኖ ለሚኖረው ወጣት የሒሳብ ሰው ለኦታካር ቦሩቭካ አንድ ጥያቄ አቀረበለት። ከተሞቹን ሁሉ በኤሌክትሪክ ለማገናኘት የሽቦው ርዝመት በጠቅላላ እንዲያንስ እንዴት ይዘርጋ? እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰውየው "ግራፍ" አላለም፣ "አልጎሪዝም" አላለም፣ በሒሳብ ቋንቋ አልተጨነቀም። የቸገረውን ተናገረ። ቦሩቭካ በ1926 መልሱን ሁለት ጊዜ ጻፈው፤ አንዱን ለሒሳብ ሰዎች፣ ሌላውን አጠር አድርጎ ለኤሌክትሪክ ሰዎች። ሁለተኛውን ጽሑፍ ሳስብ ሰውየውን እወደዋለሁ። ለጠየቀህ ሰው በሚገባው ቋንቋ መመለስ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ቮይቴህ ያርኒክ የተባለ ሌላ ቼክ ጽሑፉን አንብቦ ቀለል ያለ መንገድ ታየውና ለቦሩቭካ ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤው በ1930 ታተመ፤ ርዕሱ ራሱ "ለአቶ ቦሩቭካ ከተጻፈ ደብዳቤ" ይላል። ያርኒክ ያገኘውን መንገድ በ1957 አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ፕሪም ለብቻው ደረሰበትና ዛሬ ልጆቹ "ፕሪም" ብለው ይጠሩታል። በ1956 ደግሞ ጆሴፍ ክሩስካል የራሱን አወጣ፤ ሽቦዎቹን ከርካሹ ጀምረህ አንሳ፣ ዙሪያ ጥምጥም የሚፈጥረውን ብቻ ጣል። ክሩስካል የቦሩቭካን ጽሑፍ አይቶ እንደተነሳ አልደበቀም፣ ስሙን ጠቅሷል። ሳክስል ግን? በስሙ የሚጠራ አንድም ነገር የለም። እሱ ባይጠይቅ ኖሮ ከነዚህ ሁሉ የትኛው መቼ ይጻፍ እንደነበር እንጃ።

ዳይክስትራ ጋ ደረስን። ኤድስገር ዳይክስትራ ሆላንዳዊ ነው፤ በ1956 አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል ይሠራ ነበር። ማዕከሉ አርማክ የሚባል አዲስ ኮምፒውተር ሊያስመርቅ ነው፤ ለምረቃው የሚመጡት ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያውቁ እንግዶች ናቸው። እናም ዳይክስትራ መልስ ከመፈለጉ በፊት ጥያቄ ፈለገ፤ ማንም ሰው ሲሰማው ወዲያው የሚገባው ጥያቄ። ከሮተርዳም ግሮኒንገን አጭሩ መንገድ የቱ ነው? 64 ከተሞች ያሉበት የሆላንድ ካርታ አዘጋጀ። መልሱን ያገኘው ቢሮ ውስጥ አይደለም። ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞሩ ደክሟቸው ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጡ ቁጭ አሉ። ሃያ ደቂቃ። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2001 ሲጠየቅ አልጎሪዝሙ ያማረው ያለ ወረቀት ስለተሠራ ነው፣ ያኔ ውስብስብ ነገር ሁሉ በግድ ይቀራል ብሏል። ያሳተመው በ1959 ነው፤ ሦስት ገጽ ብቻ። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያርኒክና ፕሪም የደረሱበትንም መፍትሔ ለብቻው አግኝቶ አስገብቶታል። ያንን ደግሞ የጠየቁት የማዕከሉን ቀጣይ ኮምፒውተር የሚሠሩት መሐንዲሶች ናቸው፤ ከማሽኑ ጀርባ ያሉትን ፒኖች በትንሽ ሽቦ ማገናኘት ፈልገው።

(ከርዕሳችን ትንሽ ልውጣና፤ ዳይክስትራ በ1957 ሲያገባ የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ሥራው "ፕሮግራመር" ነው ቢል እንዲህ የሚባል ሥራ የለም ብለው አልተቀበሉትም። "የፊዚክስ ሊቅ" ተብሎ ተጻፈ። ለወላጆቻችሁ ምን እንደምትሠሩ ማስረዳት ያቃታችሁ ሁሉ ተጽናኑ።)

የዳይክስትራ ሐሳብ በታክሲ ቋንቋ እንዲህ ነው። ከመገናኛ ተነሱ። በትንሹ ብር የሚደረስበትን ቦታ ፈልጉ፤ "እዚህ ከዚህ በታች በሆነ ብር መድረስ አይቻልም" ብላችሁ ዝጉት። ከዚያ ተነስታችሁ ቀጣዩን ርካሽ ቦታ ዝጉ። እንዲህ እየዘጋችሁ ሜክሲኮ ድረስ። አንዴ የዘጋችሁትን ተመልሳችሁ አትከፍቱም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እንፈልጋታለን።

ጥያቄ ሁሉ ግን የዋህ አይደለም። በ1955 አሜሪካ ውስጥ ራንድ በሚባለው የጥናት ድርጅት ቴድ ሃሪስ ከጡረተኛው ጄኔራል ሮስ ጋር ሆኖ የሶቪየት ኅብረትን የባቡር መስመሮች ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ምን ያህል ጭነት ሊያደርሱ እንደሚችሉ አጠና። 44 ነጥቦች፣ 105 መስመሮች። ሃሪስ ጥያቄውን ለባልደረቦቹ ለሌስተር ፎርድና ለደልበርት ፈልከርሰን ነገራቸው። እነሱም በአንድ ግራፍ ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ ጭነት ግራፉን ለሁለት ለመቁረጥ ከሚያስፈልገው ትንሹ ቁራጭ ጋር እኩል መሆኑን አረጋገጡ። ዛሬ ተማሪው ሁሉ "ማክስ ፍሎው" እያለ የሚማረው ነው። የእነ ሃሪስ ሪፖርት ግን ምስጢር ነበር፤ የወጣው በ1999 ሆላንዳዊው የሒሳብ ሰው አሌክሳንደር ስክራይቨር ጠይቆ ነው። ሲከፈት ታዲያ ጥናቱ ይፈልግ የነበረው በዋናነት ቁራጩን መሆኑ ታወቀ። የትኞቹ መስመሮች ቢመቱ ባቡሩ ይቆማል? መልሱም ተሰልቷል፤ በጠባቡ ቦታ የሚያልፈው 163,000 ቶን ነው። እኛ "ጭነት ማሳለፍ" ብለን የምንማረውን እነሱ የጀመሩት ከማፍረስ ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ለወንድሜ የመማሪያው ምሳሌ ላይ ያለችውን የውኃ ቧንቧ ሥዕል እያየሁ ትንሽ ከበደኝ። ሒሳቡ አልተቀየረም። ግን ማን እንደጠየቀና ለምን እንደጠየቀ ማወቅ የሚጠላ ጋዜጠኛ የለም።

አንድ ቀለል ያለች ልጨምርና ወደ ቤት እንመለስ። ስቲቨን ዋርሻል የሚባለው ሰው አንድ አልጎሪዝም ሁልጊዜ ይሠራ እንደሆነ ቀድሞ ባረጋገጠ ብሎ ከሥራ ባልደረባው ጋር በአንድ ጠርሙስ ሩም ተወራረደ ይባላል። ሌሊቱን አድሮ አረጋገጠ። ሩሙን ከተሸነፈው ጋር አብረው ጠጡት። አልጎሪዝሙ በ1962 ታተመ።

ለምንድነው ይሄን ሁሉ ለወንድሜ የነገርኩት? እሱ የሚያውቀው ታሪክ ሌላ ስለነበር ነው። በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ዳይክስትራ፣ ክሩስካል፣ ፕሪም ከተራራ ላይ የወረዱ ስሞች ናቸው፤ ማንንም አልጠየቁም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። እንዲህ ካሰብክ መጠየቅ ድንቁርናህን በአደባባይ ማወጅ ይሆንብሃል። ደግሞ እኮ ውድድሩ ራሱ የተሠራው ለመጠያየቅ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር በ1970 ቴክሳስ ውስጥ ሲጀመር የነበረውን እንጃ፤ የዛሬው ሕጉ ግን ሦስት ልጅ፣ አምስት ሰዓት፣ አንድ ኮምፒውተር ነው። አንድ! አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ከማውራት በቀር ምን አማራጭ አላቸው? በ1989 ቡልጋሪያ ፕራቬትስ ላይ የተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኦሊምፒያድ ላይ ነው እያንዳንዱ ለብቻው የሚቀመጠው። ወንድሜ ሦስት ሆኖ የኦሊምፒያዱን ኑሮ እየኖረ ነበር።

"ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" አልኩት፤ አያታችን ስትለው የኖረችውን።

"ደጃዝማች መሆን አልፈልግም" አለኝ። ግን ሳቀ።

እናም ሳክስልን እንድናደርግ ተስማማን። እኔ ጠያቂ፣ እሱ ተጠያቂ፣ እንግሊዝኛ ቃል ክልክል። ጥያቄው ምን ይላል? ምን ሞከርክ? ምን ጠብቀህ ምን አገኘህ? አርባ ሺህ ነጥብ ያለበትን ትተህ በጣት የሚቆጠር ምሳሌ ሥራልኝ። አራት ነጥብና አምስት መስመር ያለባት ሥዕል ደብተሩ ላይ ሳለ። አንዷ መስመር ላይ "ሲቀነስ ሦስት" ብሎ ጻፈ፤ ጥያቄው ውስጥ አንዳንድ መንገድ ሲያልፉበት ብር ይመልሳል ስለሚል። እኔ አልገባኝም። እሱም አላስተዋለም። ሊነጋጋ ሲል ሥዕሉን በስልኩ አነሳና ከስድስት መስመር ጽሑፍ ጋር ለሁለቱ የቡድኑ ልጆች ላከው፤ ማጥፋቱን ሳያስብበት በፊት እኔ "ላክ!" ብዬበት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቡድኑ አንዷ መለሰች። "ሥዕልህ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ መስመር አለ። ዳይክስትራ እዚህ አይሆንም። ቤልማን ፎርድን ሞክር።"

ያዙልኝ ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ? ዳይክስትራ የዘጋውን አይከፍትም። ብር የሚመልስ መንገድ ካለ ግን ዘግተኸው ያለፍከው ቦታ በኋላ በዙሪያ ሲመጡበት ሊረክስ ይችላል። ቤልማን ፎርድ የሚባለው ምንም ሳይዘጋ ሁሉንም መስመር ደጋግሞ ያያል፤ ቀርፋፋ ነው ግን አይታለልም። አልፎንሶ ሺምቤል በ1955፣ ፎርድ በ1956፣ ሪቻርድ ቤልማን በ1958 እያንዳንዳቸው ጽፈውታል። ፎርድ ያው የባቡሩ ፎርድ ነው። የሺምቤል ስም አልተረፈም።

ልጅቷ ከደቂቃ በኋላ ሌላ መልእክት ጨመረች። "እኔም ባለፈው ወር እዚሁ ላይ ሦስት ቀን ተቀርቅሬ ነበር። አፍሬ አልነገርኳችሁም።"

ወንድሜ ይቺን ሁለተኛዋን ከመጀመሪያዋ በላይ ደጋግሞ አነበባት። ከዚያ ቁርስ ሳይበላ ቁጭ አለ። አስራ ሁለተኛው ሙከራ ሮንግ አንሰር፤ አንድ ዙር አጉድሎ ነው። አስራ ሦስተኛው አረንጓዴ ሆነ። እማዬ ከኩሽና "ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" አለች።

ይሄን የምጽፍላችሁ ማታ ነው። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፣ መብራቱ አሁንም በርቷል። አሁን የያዘው የእነ ሃሪስን የባቡር ጥያቄ ነው፤ በበሩ ስንጥቅ እንደማየው ደብተሩ ላይ ሥዕል እየሣለ ነው፣ ስልኩ አጠገቡ ተከፍቷል።